ዶክሲሳይክሊን ለካንሰር? ነገሩ እንዲህ ነው

«የቆየ አንቲባዮቲክ ካንሰርን ሊዋጋ ነው» የሚል ዜና ሲወጣ ብዙ ሰው ኪኒኑ ዕጢውን የሚገድል ይመስለዋል። አይደለም።

ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የካንሰር ሕዋስን ለይተው መግደል ይችላሉ። ካንሰሩም ዝም ብሎ አይጠብቃቸውም። ብዙ ዕጢዎች ጋሌክቲን 1 የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ እሱ ቲ ሴሉን ያደነዝዘዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት እንደሚለው፣ ቴትራሳይክሊን ከሚባለው የአንቲባዮቲክ ቤተሰብ የሆኑ እንደ ዴሜክሎሳይክሊን ያሉ መድኃኒቶች ይህን ፕሮቲን ይገታሉ። ያኔ ቲ ሴሉ ይነቃል። ዶክሲሳይክሊንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። መድኃኒቱ የሚያግዘው እንግዲህ የሰውነትን መከላከያ ነው፤ ዕጢውን የሚመታው ቲ ሴሉ ራሱ ነው።

አሮጌ መድኃኒት የተመረጠው ርካሽ ስለሆነና ጉዳቱም መጠኑም አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ግን ይህ ውጤት የቤተ ሙከራና የአይጥ ነው። ከዚያ እስከ ታማሚው አልጋ ገና ብዙ መንገድ አለ።

ግራ የሚያጋባው ደግሞ ይኸውላችሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳ ሕክምና) የሚወስዱ ሕሙማንን ሲያዩ፣ በዚያው ሰሞን አንቲባዮቲክ የወሰዱት ሕክምናው ብዙም አልሠራላቸውም። ዋናው ተጠርጣሪ የአንጀት ባክቴሪያ መጎዳት ነው። መከላከያችን እነዚያን ባክቴሪያዎች ይፈልጋቸዋል።

ስለዚህ ለካንሰር ብሎ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ የለም። ኢንፌክሽን ካለና ሐኪም ካዘዘ ግን ይወሰዳል፤ ለካንሰር ሐኪሙም ይነገራል።