ሀምበከር ፒክአፕ መምረጥና መቀየር በባሕር ዳር

ሀምበከር ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ጎን ለጎን የተገጠሙበት የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የጊታር ክፍል፣ ነው። ጥቅሎቹ በማግኔት ዋልታቸውም በሽቦ አያያዛቸውም ተቃራኒ ናቸው። በዚህ ምክንያት የክሩ ንዝረት በሁለቱ ተደምሮ ሲጎላ፣ ከመብራት መስመር የሚገባው እምም የሚል ድምፅ፣ ሙዚቀኞች ሀም የሚሉት፣ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የሠራው የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር ነው። የፈጠራ መብት ማመልከቻው እ.ኤ.አ. በ1955 ገባ፣ በ1959 ጸደቀ። በዚያ መካከል የወጡት ፒክአፖች ጀርባቸው ላይ «ፓተንት ተጠይቋል» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ነበር፤ የእንግሊዝኛው ምኅጻር ፓፍ ዛሬም የዚያ ዓይነት መካከለኛ ጉልበት ያለው ፒክአፕ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ለቅያሪ ተብሎ ለብቻው የሚሸጥ ፒክአፕ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሆን፣ የዲማርዚዮ ሱፐር ዲስቶርሽን ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

በባሕር ዳር ጊታር የሚሰማው በሠርግ፣ በባህል ምሽት ቤቶች፣ በሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች ግቢና በመዝሙር ቡድኖች ውስጥ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ተሳስቶ የተገዛ ፒክአፕ፣ በተለይ ከውጭ በሰው እጅ የመጣ፣ ተመላሽ የለውም ማለት ይቻላል። እዚህ ያለ ጊታሪስት ከማዘዙ በፊት ጊታሩን ከፍቶ መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

ጥፋቱ የፒክአፑ ነው?

ፒክአፕ ለመቀየር የሚያነሳሳው አንደኛው ምክንያት ጩኸት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ምክንያቱ የተሳሳተ ነው። ሀምበከር የሚያጠፋው ከትራንስፎርመርና ከመስመር በማግኔት መልክ የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ሀም ብቻ ነው። ከፍሎረሰንት መብራት፣ ከዲመርና ከስልክ ቻርጀር የሚመጣው ዝዝዝ የሚል ሹል ድምፅ በአብዛኛው ከሌላ መንገድ ይገባል፤ ለእሱ መድኃኒቱ መከለያ ነው። መለያው ቀላል ነው። ክሩን በእጅ ሲነኩት ዝዝታው ከቀነሰ የክሩ ግራውንድ (ከጊታሩ የኤሌክትሪክ መመለሻ መስመር ጋር የሚያያይዘው ሽቦ) ደህና ነው፣ የጎደለው የውስጥ መከለያ ነው። የጊታሩን ውስጥ በመዳብ ቴፕ ሸፍኖ ቴፑን ከግራውንድ ጋር ማያያዝ ይበቃል። የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይልም ይሠራል፤ የመበየጃ ሊድ ስለማይዝ ግን የግራውንድ ሽቦው በብሎን መጠበቅ አለበት።

ክሩን ሲነኩት ጩኸቱ ከባሰ ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ወደ ብሪጁ፣ ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ ወደሚያርፉበት ብረት፣ የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ ተበጥሷል፣ ወይ የአምፑ ሶኬት ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄድ መስመር) የለውም። ሁለተኛው ችግር ሰው ይገድላል። በሐይቁ ዳር በሣር ላይ፣ ከዝናብ በኋላ፣ ኧርዙ በተቆረጠ ማራዘሚያ መጫወት ፈጽሞ መለመድ የለበትም። ከመጀመር በፊት መልቲሜትሩን በኤሲ ቮልት ከፍተኛው መለኪያ ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ በጊታሩ ክር፣ ሌላውን በማይኩ ብረት ላይ ማስነካት ነው። ወደ 110 ቮልት የሚጠጋ ቁጥር ከታየ ብዙ ጊዜ ኧርዝ ያላገኘ ዕቃ አለ ማለት ነው፤ እስኪስተካከል ከንፈር ማይክ አይነካም።

ሁለተኛው የተለመደ ቅሬታ ድምፁ ታፈነ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ፖቱን፣ የቮልዩምና የቶን ማዞሪያውን፣ መለካት ይቀድማል። ለሀምበከር የሚስማማው 500 ኪሎ ኦም ፖት ሲሆን፣ በርካሽ ጊታሮች ላይ 250 ኪሎ ኦም መገኘቱ ያልተለመደ አይደለም፤ 250ው የላይኛውን ድምፅ ይበላል። የፖት ዋጋ ከፒክአፕ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ትልቁ ፖት አንገቱ 9.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በትንሿ ፖት ቀዳዳ ላይገባ ይችላል፤ ቀዳዳውን ቀስ አድርጎ ማስፋት ያስፈልጋል። ገመዱም ድርሻ አለው። የጊታር ገመድ የላይኛውን ድምፅ የሚቀንስ ካፓሲታንስ አለው፣ በሜትር ወደ 100 ፒኮ ፋራድ። ኢንዳክታንሱ (ከታች የሚመጣው) 5 ሄንሪ የሚሆን መካከለኛ ሀምበከር በ6 ሜትር ገመድ ድምፁ የሚጎላበት ጫፍ በ2.7 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ በ3 ሜትር ገመድ ወደ 3.6 ይወጣል። ይህ ልዩነት አንዳንዴ ፒክአፕ ከመቀየር ይበልጣል፤ የሚጠይቀውም አጭር ገመድ ብቻ ነው።

ኪሎ ኦም ጉልበት አይደለም

ሻጭም ገዢም መጀመሪያ የሚጠቅሱት ቁጥር በኪሎ ኦም የሚጻፈው የሽቦው ሬዚስታንስ ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው አንድ ዓይነት ሽቦ ያላቸውን ፒክአፖች ሲያነጻጽሩ ብቻ ነው። ቁጥር 42 የሚባለው ሽቦ ውፍረቱ 0.063 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥር 44 ደግሞ 0.05 ብቻ። ቀጭኑ ሽቦ በተመሳሳይ ዙር ሬዚስታንሱ በጣም ይበልጣል። የሲይሞር ደንካን ጄቢ 16.4 ኪሎ ኦም መሆኑ ከ8.2 ኪሎ ኦም ፒክአፕ እጥፍ ይጮሃል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከኪሎ ኦም ይልቅ በሄንሪ የሚጻፈው ኢንዳክታንስ የድምፁን ጠባይ ይናገራል። ወደ 5 ሄንሪ ከሆነ ድምፁ ክፍት ነው፤ ወደ 8 እና ከዚያ በላይ ሲሄድ መካከለኛው ድምፅ ይወፍራል፣ የላይኛው ይቀንሳል። አምራቹ ይህን ቁጥር ካወጣው መጀመሪያ እሱን ማየት ነው።

ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው በቁጥር መጠነኛ ልዩነት መደናገጥ የለበትም። የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሲየስ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 8.0 የሚል ፒክአፕ በባሕር ዳር የሚያዝያ ቀትር፣ በ30 ዲግሪ፣ 8.3 ይላል። ከጊታሩ ሳይወጣ በገመዱ ጫፍ ከተለካ ደግሞ ፖቱ አብሮ ስለሚቆጠር ያው 8.0 ወደ 7.9 ይወርዳል። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፤ ምንም አለማንበብ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው፣ ግማሹን ብቻ ማንበብ ደግሞ አንዱ ጥቅል ሞቷል ወይም ጊታሩ ጥቅሉን በሚከፍል ማብሪያ ላይ ነው።

ለየትኛው ሙዚቃ የትኛው

የፒክአፑ ማግኔት አልኒኮ (የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ) ወይም ሴራሚክ ነው። አልኒኮ 2 ለስለስ ያለና ምቱ የዋህ ነው፤ አልኒኮ 5 ጠንከር ያለ ጥርት ያለ ምት ይሰጣል። ሴራሚክ በብዛት የሚገባው ብዙ ዙር ባላቸው፣ ለከባድ ዲስቶርሽን፣ ሆን ተብሎ ለሚሻክር የሮክ ድምፅ፣ በተሠሩት ፒክአፖች ላይ ነው።

የአካባቢው ባንድ ድምፅ የሚሞላው በመሃል ላይ ነው። ኪቦርዱ፣ ሳክስፎኑ፣ የዘፋኙ ጉሮሮ፣ ብዙ ጊዜም ማሲንቆና ክራር እዚያው ይገናኛሉ። በችክችካ ምት ጊታሩ የሚያስፈልገው አጭር፣ የተቆረጠ፣ ጫፉ የሚሰማ ምት ነው። በአንቺሆዬ ወይም በባቲ ቅኝት ነጠላ ዜማ ሲጫወት ደግሞ እያንዳንዱ ድምፅ እንደ ክራር ተነጥሎ መሰማት አለበት። 14 ኪሎ ኦም የሆነ ሴራሚክ ሀምበከር እዚህ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ትልቅ ይመስላል፣ ዜማው ግን ይጠፋል፤ ብዙ ጊታሪስት «ድምፄ አይወጣም» ብሎ ቮልዩም የሚጨምረው ከዚህ የተነሣ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በአንገት በኩል ለሚገባው ፒክአፕ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም፣ በብሪጅ በኩል ለሚገባው ከ8 እስከ 9 ገደማ የሆነ ባለ ቁጥር 42 ሽቦ አልኒኮ 5 ነው። የብሪጁ መጠንከሩ በምክንያት ነው፤ ክሩ በብሪጅ አጠገብ የሚንቀሳቀሰው ከአንገት በኩል ካለው በጣም አንሶ ነው። አንድ ፒክአፕ ብቻ መቀየር የሚችል ሰው ከብሪጁ ይጀምር። ሮክና ሜታል ለሚጫወት ግን ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ሴራሚክ ትክክለኛ ምርጫ ነው።

እንደ ኢኤምጂ ያሉት ባትሪ የሚጠይቁ አክቲቭ ፒክአፖች ጸጥ ያሉ ናቸው። የሚሠሩት በ9 ቮልት ባትሪና በ25 ኪሎ ኦም ፖት ስለሆነ ፖቱም አብሮ ይቀየራል። ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል።

ከማዘዝ በፊት የሚለካው

ከአንደኛው ክር መሃል እስከ ስድስተኛው ክር መሃል ያለው ርቀት ፒክአፑ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ በማስመሪያ ይለካል። ወደ 49 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጊብሰን ልክ ነው። ወደ 52 ወይም 53 ከሆነ፣ በተለይ ትሬሞሎ (ክሮቹን የሚያላላ እጀታ) ባላቸው ጊታሮች ብሪጅ በኩል፣ ሰፊው ልክ ይታዘዛል። ቀጥሎ የጉድጓዱ ጥልቀትና የፒክአፑ እግር ርዝመት ይታያል፤ ረጅም እግር ያለው ፒክአፕ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ወለሉን ነክቶ ይቀራል፣ አይወርድም።

የስትራቶካስተር ቅርፅ ያለውና ሦስት ጠባብ ጉድጓድ ብቻ ያለው ጊታር ሙሉ ሀምበከር አይቀበልም። እንጨቱን በመሮ አስፍቶ ማስገባት ይቻላል፣ ነገር ግን አይመከርም። በነጠላ ጥቅል መጠን የተሠሩ፣ ቀጫጭን ሁለት ጥቅል ያላቸው ሀምበከሮች ስላሉ በእነሱ መተካት እንጨቱንም ዋጋውንም ያድናል።

አገጣጠም

የሚያስፈልገው የ40 ዋት ሶልደሪንግ አይረን፣ 60/40 ሊድ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና መልቲሜትር ነው። ለስልክ ጥገና የሚሆነው ሹል ጫፍ የፖቱን ጀርባ ማሞቅ አይችልም፤ ሊዱ ከላይ ተቀምጦ ይደርቃል፣ ከወር በኋላ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። ምሽት ላይ ኃይሉ ወደ 190 ቮልት ሲወርድ ያው 40 ዋት ወደ 30 ዋት እንደሚወርድ ማሰብም ጥሩ ነው፤ ቀን መበየድ ይሻላል። አሲድ ያለው የቧንቧ ፔስት አይነካም፤ ሽቦውን ይበላል።

ከመንቀል በፊት የድሮው አያያዝ በስልክ ፎቶ ይነሣ። ክሮቹ ይላላሉ፣ ፒክአፑ ከነቀለበቱ ይወጣል፣ ትኩሱ ሽቦ፣ ድምፁን የሚያወጣው፣ እና ግራውንዱ ከሊዳቸው ይለቀቃሉ። የአዲሱ ቀለም እንደ አምራቹ ይለያያል። በሲይሞር ደንካን ጥቁሩ ትኩስ ነው፣ ነጭና ቀይ እርስ በርስ ተበይደው በቴፕ ይጠቀለላሉ፣ አረንጓዴና የተራቆተው ሽቦ ወደ ግራውንድ ይሄዳሉ። በዲማርዚዮ ትኩሱ ቀይ ነው፣ ተበይደው የሚጠቀለሉት ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ አረንጓዴና የተራቆተው እዚያም ግራውንድ ናቸው። የአንዱን ቀለም በሌላው ሕግ ያገናኘ ሰው የከሳ ወይም ጨርሶ የሌለ ድምፅ ያገኛል።

የሁለት አምራቾች ፒክአፖች አብረው ሲገቡ ሌላ ጣጣ አለ። ለየብቻቸው ደህና ሆነው ሁለቱ በአንድነት ሲበሩ ድምፁ ቀጭንና አፍንጫ ውስጥ የሚወጣ ከሆነ ፌዛቸው፣ ማለትም የሲግናላቸው አቅጣጫ፣ ተቃራኒ ነው። ይህን ሳይበየድ ማወቅ ይቻላል። መልቲሜትሩ በ20 ኪሎ ኦም ላይ ሆኖ ቀዩ ጫፍ በትኩሱ፣ ጥቁሩ በግራውንዱ ላይ ይያያዛል፤ ከዚያ የብረት ካቻቪቴ በፒክአፑ ብሎኖች ላይ አስነክቶ በፍጥነት ማንሣት ነው። ሲነሣ ቁጥሩ በሁለቱም ፒክአፖች ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዘለለ ፌዛቸው አንድ ነው። ካልሆነ፣ አራት ሽቦ ባለው ፒክአፕ ትኩሱና አረንጓዴው ቦታ ይለዋወጣሉ፣ የተራቆተው ግን ግራውንድ ላይ ይቀራል። አንድ ሽቦ ብቻ በብረት ጥልፍ የተሸፈነበት የድሮ ዓይነት ከሆነ ይህ አይሠራም፣ ማግኔቱ ነው የሚገለበጠው።

የሚያፏጭ ፒክአፕና ሰም

ዲስቶርሽን ሲከፈት ስል ፉጨት የሚያሰማ፣ በጣት ሲነኩት ቋ የሚል ድምፅ በአምፑ የሚያወጣ ፒክአፕ ሽቦው ልል ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ይህ በሰም ይድናል። ለሰም ደግሞ ማር አገር ከሆነው ጎጃም የተሻለ ቦታ አይገኝም። አራት እጅ ነጭ የፓራፊን ሻማ፣ አንድ እጅ የንብ ሰም ይቀላቀላል። ጣሳው በሞቀ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፣ እሳት ላይ በቀጥታ ከተጣደ ይነዳል። ውኃው በባሕር ዳር ከፍታ፣ በ1,800 ሜትር፣ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ለፒክአፑ ብዙ ነው። ሰሙ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ እንዲቆይ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ 70 ካለፈ የጥቅሉ ፕላስቲክ ይጣመማል። ፒክአፑ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ ይነከራል፤ ከዚያ ወጥቶ ሳይቀዘቅዝ በጨርቅ ይጠረጋል።

ከተገጠመ በኋላ የሚቀረው ከፍታው ነው። አንደኛውና ስድስተኛው ክር በመጨረሻው ፍሬት (በአንገቱ ላይ በተሻጋሪ ከተተከሉት ብረቶች በመጨረሻው) ላይ ተጭነው፣ ከክሩ ሥር እስከ ፒክአፑ ብረት በአንገት በኩል 2.4፣ በብሪጅ በኩል 1.6 ሚሊ ሜትር ይተዋል። አንገቱ ከብሪጁ ከጎላ አንገቱ ይወርዳል እንጂ ብሪጁ ከዚህ በላይ አይጠጋም፤ ማግኔቱ ክሩን ስቦ ወፍራሞቹ ክሮች ላይኛው ፍሬት ላይ ቅኝት እንዲስቱ ያደርጋል። በክረምት የሐይቁ እርጥበት የፒክአፑን ብሎኖች ያዝጋል። ቦርሳው ውስጥ ደረቅ ጨርቅ ማኖር፣ ከተጫወቱም በኋላ ክሩንና ብሎኖቹን መጥረግ ዝገቱን ያዘገየዋል። ዘይት ግን ወደ ጥቅሉ ስለሚወርድ በፒክአፑ ላይ አይደረግም።