በስድስት ቀን አምስት ጨዋታ፦ ስለ ሰዋኒ የሚወራውና እውነታው

አትላንታ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በቀደም በስልክ «በስድስት ቀን ውስጥ አምስት ቡድን የደበደበ ኮሌጅ ታውቃለህ?» አለኝ። የአሜሪካኖች ጉራ ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን አልቀለደም።

ቡድኑ ሰዋኒ ይባላል። አሜሪካ፣ ቴነሲ ግዛት ውስጥ፣ ተራራ ላይ ያለች ትንሽ የቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1899 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1892 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ሦስት ዓመት ተኩል ያህል በኋላ። በዚያ ዓመት 12 ጨዋታ ተጫውቶ 12ቱንም አሸነፈ። 322 ነጥብ ሲያስቆጥር የተቆጠረበት 10 ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እውነት ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ወሬ ግን ከፊሉ የተጋነነ፣ ከፊሉም የተገለበጠ ነው።

«12 ለ 0 ማለት 12 ጎል ነው»

ይሄ የእኛ የኳስ አፍቃሪዎች ስህተት ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። የምናወራው ስለ እግር ኳስ ሳይሆን ኳሱን ታቅፈው ስለሚሮጡበት የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ ተችዳውን ይባላል፤ ያኔ አንዱ 5 ነጥብ ነበር፤ ዛሬ 6 ነው። ከዚያ በኋላ ኳሱን መትቶ በቋሚዎቹ መሃል ያሳለፈ 1 ይጨመርለታል። ስለዚህ ሰዋኒ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲን 12 ለ 0 አሸነፈ ሲባል ሁለት ተችዳውን ከነምርቃቱ ማለት ነው።

«ጨዋታው ዛሬ በቴሌቪዥን እንደምናየው ነበር»

በፍጹም። ዛሬ ተመልካቹን ከመቀመጫው የሚያስነሳው ኳስ ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው በ1906 ነው። በ1899 ያለው ምርጫ ኳሱን ይዞ መሮጥ፣ ወይም በእግር መምታት፣ አለዚያም ተያይዞ መገፋፋት ነበር። በሦስት ሙከራ 5 ያርድ (4 ሜትር ተኩል ገደማ) ካልገፋህ ኳሱን ታስረክባለህ። በደንቡ ጨዋታው 70 ደቂቃ ነው። አንዴ የወጣ ተጫዋች አይመለስም። የራስ ቁር የሚያደርግ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ጭንቅላታቸውን እንዲከላከልላቸው ጸጉራቸውን ያሳድጉ ነበር። ጎፈሬ ቁር ሆነ ማለት ነው።

ይሄን ካልያዝን የስድስቱ ቀን ጉዞ ትርጉሙ አይገባንም።

«ለዝና ብለው ነው የተጓዙት»

ለገንዘብ ነው። ሰዋኒ ጥሩ ገቢ የሚያገኘው ከጎረቤቱ ከቫንደርቢልት ጋር ሲጫወት ነበር። በዚያ ዓመት ግን በመግቢያ ገቢ አከፋፈል ተጣሉና ጨዋታው ቀረ። ካዝናው ባዶ እንዳይቀር አንድ ነገር መደረግ ነበረበት። መላውን የመታው የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ሉክ ሊ ነው። ብዙ ሰው «ሥራ አስኪያጅ» ሲባል ሽማግሌ ባለሥልጣን ይመስለዋል። ልጁ የ20 ዓመት ተማሪ ነበር! አሰልጣኙ ሌላ ሰው ነው፤ ሄርማን ሱተር ይባላል።

ሊ ባቡር አዘጋጀ፣ ከተጋጣሚዎቹ ጋር ተዋዋለ፣ ከዚያ መንገድ ጀመሩ። ኅዳር 9 ቀን (ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው) ሐሙስ፣ ኦስቲን ላይ ቴክሳስን 12 ለ 0። ዓርብ ሂውስተን ላይ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 10 ለ 0። ቅዳሜ ኒው ኦርሊንስ ላይ ቱሌንን 23 ለ 0። እሑድ ሰንበት ነውና ዕረፍት። ሰኞ ባተን ሩዥ ላይ ሉዊዚያና ስቴትን 34 ለ 0። ማክሰኞ ሜምፊስ ላይ ሚሲሲፒን 12 ለ 0።

አምስት ጨዋታ ተጫውተው አንድም ነጥብ አልተቆጠረባቸውም። ጉዞው በሙሉ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስቲ አስቡት። ሐሙስ ጎድንህን ተመትተህ ወርደሃል። ማታ ባቡር ውስጥ እየተናወጥክ ታድራለህ። ጠዋት ያበጠ ጉልበትህን አስረህ ሌላ ከተማ ትወርዳለህ፤ እዚያ የሚጠብቅህ ጥሩ እንቅልፍ የጠገበ ቡድን ነው። ጉዞውን ሁሉ የተሸከሙት ደግሞ ሃያ ያህል ልጆች ናቸው።

«ምስጢሩ የምንጭ ውሃው ነው»

ከተራራቸው ምንጭ የተቀዳ ውሃ በበርሜል ጭነው ይዞሩ ነበር ይባላል። እዚህ ላይ አንዳንዱ ወሬኛ ጸበል አድርጎት ቁጭ ይላል። ነገሩ ግን ጥንቃቄ ነው፤ የማያውቁት ውሃ ሆዳቸውን እንዳያበላሽባቸው። መንገደኛ የሆነ ሰው ይገባዋል።

«ግዙፎቹን ነው የጣሉት»

ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ዛሬ ቴክሳስ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም እና ሉዊዚያና ስቴት እያንዳንዳቸው 100,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም አላቸው። ያኔ ግን ቴክሳስም ሉዊዚያና ስቴትም ፉትቦል የጀመሩት በ1893 ነው፤ ገና ዳዴ የሚሉ ቡድኖች ነበሩ። የዛሬውን ስማቸውን ወደ ኋላ ወስዶ መለጠፍ ልክ አይመስለኝም። በእኔ ግምት ጉዱ ያለው ከተጋጣሚዎቹ ይልቅ በቀኖቹ ቁጥር ነው።

«ዓመቱን ሙሉ ማንም አልደፈራቸውም»

አንድ ቡድን ደፍሯቸዋል፤ ኦበርን። በዚያ ዓመት ሰዋኒ ላይ የተቆጠረው 10 ነጥብ በሙሉ የኦበርን ነው። ኅዳር 30፣ የምስጋና ቀን፣ ሞንትጎመሪ ላይ ተገናኙ። የኦበርን አሰልጣኝ ጆን ሃይዝማን ነበር፤ ዛሬ የኮሌጅ ፉትቦል ኮከብ የሚሸለመው ዋንጫ በስሙ የተሰየመለት ሰው። ሰዋኒ 11 ለ 10 ለጥቂት አመለጠ። ሃይዝማን በጣም ተናደደ። ዳኝነቱን እየነቀፈ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። ዳኛ ላይ ማማረር የዛሬ ፈጠራ ለሚመስለው ሰው ማስረጃ ይሁነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ አትላንታ ላይ ኖርዝ ካሮላይናን 5 ለ 0 አሸንፈው ዓመቱን ዘጉ።

«የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆኑ»

የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ሻምፒዮን፣ አዎ። የአገሪቱ ሻምፒዮን የሚባል በይፋ የሚሰጥ ማዕረግ ግን በዚያ ዘመን አልነበረም። የኋላ ዘመን ሰዎች መዝገብ አገላብጠው ሲመርጡ የ1899ን ክብር በብዛት ለሃርቫርድ ሰጡ። ሃርቫርድ በዚያ ዓመት አልተሸነፈም፤ አንዴ ግን አቻ ወጥቷል። ሰዋኒ አቻ እንኳን አልወጣም። ለማን እንደማደላ ሳታውቁ አልቀራችሁም።

«ከዚያ ወዲህ ቡድኑም ልጁም ጠፉ»

ልጁ አልጠፋም። ሉክ ሊ በ1911 ቴነሲን ወክሎ የአሜሪካ ሴናተር ሆነ። በጥር 1919 ደግሞ፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆላንድ ገብቶ የተሰደደውን የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ሊጠልፍ ሞከረ። አልተሳካም። ባቡሩን ያቀናበረው ልጅ መሆኑ ግን ያስታውቃል።

ቡድኑም አልጠፋም፤ ዕድሉ ነው የከዳው። ሰዋኒ ሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ የሚባለውን የዛሬውን ኃያል ሊግ ከመሠረቱት አንዱ ነው። በሊጉ 37 ጨዋታ ተጫወተ፣ 37ቱንም ተሸነፈ። በ1940 ለቆ ወጣ። አሁን የስፖርት ስኮላርሺፕ በማይሰጥበት ሦስተኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ከትንንሽ ኮሌጆች ጋር፣ እዚያው ተራራው ላይ ይጫወታል።