«ይሄማ ኮፒ ነው»፦ ስለ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አፕ ወጣ ሲባል ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው አስተያየት «ይሄማ የእገሌ ኮፒ ነው» የሚል ነው። በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያለን ሰዎችም ከሌላው ባልተናነሰ እንናገረዋለን። ይህች አጭር ፍርድ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ትደባልቃለች፦ የሰውን ሐሳብ ወስዶ መሥራትንና የሰውን መንገድ መዝጋትን። የመጀመሪያው ቴክኖሎጂ ከጥንት ጀምሮ ያደገበት መንገድ ነው። ሊያስቆጣን የሚገባው ሁለተኛው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አፕል ማውዙንም መስኮቱንም ከዜሮክስ ሰረቀ»

ታሪኩ ሲወራ እንዲህ ነው፦ የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ በ1979 መጨረሻ ፓሎ አልቶ ወደሚገኘው፣ የፎቶ ኮፒ ማሽን አምራቹ የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ገባ፣ ያለውን ሁሉ አየ፣ ወጥቶ ማኪንቶሽ የተባለውን ኮምፒውተር ሠራ።

በመጀመሪያ፣ ጆብስ ሾልኮ አልገባም። ዜሮክስ በሩን የከፈተው በስምምነት ነው፤ በምላሹ 100,000 የአፕል አክሲዮኖችን በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲገዛ ተፈቅዶለታል፤ ያውም አፕል አክሲዮኑን ለሕዝብ ከመሸጡ በፊት። በዚያ ላይ ማውዝ የዜሮክስ ፈጠራ አልነበረም። ዳግላስ ኤንግልባርት ከባልደረቦቹ ጋር በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሠርቶት፣ በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአደባባይ አሳይቶታል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከጉብኝቱ በኋላ የተለፋው ልፋት ነው። የዜሮክሱ ማውዝ ለመሥራት 300 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ቶሎም ይበላሻል። ጆብስ ዲን ሆቪ የተባለውን ዲዛይነር ከ15 ዶላር በታች የሚወጣበት፣ ለዓመታት የሚያገለግል፣ ጠረጴዛ ላይም ጂንስ ሱሪ ላይም የሚሠራ ማውዝ እንዲሠራለት ጠየቀው። ሆቪ በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄደ። የብብት ዲዮዶራንት ገዝቶ አፉ ላይ ያለችውን ተንከባላይ ኳስ አወጣ፤ የቅቤ ማስቀመጫ ዕቃ ገዝቶ እሱን ሽፋን አደረገው። የመጀመሪያው ሙከራ የተጀመረው በነዚህ ነው።

የመስኮቶቹ፣ ማለትም በስክሪን ላይ ፕሮግራሞች የሚከፈቱባቸው ሳጥኖች፣ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ቢል አትኪንሰን የተባለው የአፕል ፕሮግራመር በጉብኝቱ ጊዜ አንዱ መስኮት በሌላው ላይ ተደርቦ፣ ከሥር ያለው የሚታየው ክፍሉ ብቻ ወዲያው ሲታደስ ያየ መሰለው። «እነሱ ከቻሉት ይቻላል ማለት ነው» በሚል እምነት ለፍቶ መላውን አገኘ። ዜሮክሶች ያንን ጭራሽ እንዳልሠሩት የሰማው በኋላ ነው። ከሰው አየሁት ብሎ የተከተለው ነገር የራሱ ፈጠራ ሆኖ ተገኘ።

ዜሮክስም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በ1981 ስታር የተባለውን ኮምፒውተር ገበያ ላይ አውሏል። ዋጋው ግን ከ16,000 ዶላር በላይ ነበር። ማኪንቶሽ በ1984 የወጣው በ2,495 ዶላር ነው። ይህን የዋጋ ልዩነት ያመጣው የዓመታት የምህንድስና ሥራ ነው፤ እሱን «ስርቆት» ብሎ መጥራት ለሠራተኞቹ ልፋት ዋጋ መንፈግ ይመስለኛል።

ቆይቶ አፕል ራሱ ከሳሽ ሆነ። በ1988 ማይክሮሶፍትን «የእኔን ገጽታ ወሰድክ» ብሎ ፍርድ ቤት ገተረው፣ ተሸነፈም። አብዛኛው ነገር ሁለቱ በ1985 በተፈራረሙት የፈቃድ ውል የተሸፈነ ነበር። ለተቀረውም የቅጂ መብት ሐሳቡን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን መልክ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ «ኮፒ ነው» እና «ሕገ ወጥ ነው» አንድ አይደሉም።

«ጉግል ያሸነፈው ቀድሞ ስለጀመረ ነው»

ጉግል በ1998 ሲመሠረት፣ ሰው ድረ ገጽ ይፈልግባቸው ከነበሩት መካከል ያሁ አራት ዓመቱ፣ አልታቪስታ ሦስት ዓመቱ ነበር። ጉግል ያመጣው አዲስ ነገር ገጾችን በሚጠቁሟቸው ሌሎች ገጾች ብዛትና ክብደት ማስቀደሙ ነው፤ ይህ የመሥራቾቹ የራሳቸው ግኝት ነው። ገንዘብ ያመጣለት መላ ግን ከሌላ ቤት የመጣ ነው። የፍለጋ ቃላትን ለማስታወቂያ በጨረታ መሸጥና በጠቅታ ማስከፈል ጎቱ፣ በኋላ ኦቨርቸር በተባለው ኩባንያ የተጀመረ አሠራር ነበር። ኦቨርቸር በ2002 ጉግልን በፓተንት (የፈጠራ መብት) ጥሰት ከሰሰ። በ2004 ጉግል 2.7 ሚሊዮን አክሲዮን ለያሁ ሰጥቶ ክሱ በስምምነት ተዘጋ፤ ያሁ በዚያን ጊዜ ኦቨርቸርን ገዝቶት ነበር። ጉግል ግን እንዳለ አልወሰደውም፤ ብዙ የከፈለው ብቻ ሳይሆን ሰው ብዙ የሚጫነው ማስታወቂያ ከላይ እንዲወጣ አድርጎ ጨረታውን ለወጠው። እና ጉግል ፈጣሪ ነው ወይስ ቀጂ? በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱም ነው።

«ገንዘብ ያለው የፈለገውን ይቀዳል»

ፌስቡክ በ2012 መጨረሻ ስናፕቻትን አስመስሎ ፖክ የተባለ አፕ አወጣ፤ ሰው ዞር ብሎም አላየውም። በ2018 ቲክቶክን ለመቀናቀን ላሶን አወጣ፤ በ2020 ዘጋው። ጉግልም በ2011 ፌስቡክን ለመገዳደር ያወጣው ጉግል ፕላስ በ2019 ተዘጋ። የገንዘብም የመሐንዲስም እጥረት አልነበረባቸውም።

የተሳካው የፌስቡክ ንብረት የሆነው የኢንስታግራም ስቶሪ፣ ማለትም ከ24 ሰዓት በኋላ የሚጠፋው ፎቶና ቪዲዮ፣ ነው። ስናፕቻት ስቶሪን በ2013 ጀመረ፤ ኢንስታግራም በነሐሴ 2016 ያንኑ በስሙ ሳይቀር ወሰደ። የኢንስታግራም መሥራች ኬቨን ሲስትሮምም ምስጋናው የስናፕቻት እንደሆነ በግልጽ ተናግሯል። አንድ ዓመት ሳይሞላ በየቀኑ የኢንስታግራምን ስቶሪ የሚጠቀመው ሰው ከመላው የስናፕቻት ተጠቃሚ በለጠ። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ፖክና ላሶ ሰው እንደገና እንዲያወርዳቸው፣ ጓደኞቹንም እንደገና እንዲሰበስብባቸው የሚጠይቁ ባዶ ቤቶች ነበሩ። ስቶሪ ግን በወር ከ500 ሚሊዮን በላይ ሰው በሚገባበት ቤት ጣሪያ ላይ የተሰቀለ አዲስ መብራት ነው። ያሸነፈው ቀድሞ የተሰበሰበው ሰው ነው።

«ትልቅ ኩባንያ ከተንደላቀቀ በኋላ አይፈጥርም»

ይፈጥራል። የሚያቅተው ብዙ ጊዜ የፈጠረውን ለገበያ ማውጣት ነው። የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሶን በ1975 ዲጂታል ካሜራ ሠራ፤ አንዱን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። ኮዳክ ግን የሚኖረው በፊልም ሽያጭ ነው፤ በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በቅርቡም ያየነው ይህንኑ የሚመስል ነው፦ ቻትጂፒቲ የተሠራበትን ትራንስፎርመር የተባለ ስልት በ2017 ይፋ ያደረጉት ስምንት የጉግል ተመራማሪዎች ናቸው። በ2022 መጨረሻ በሱ ዓለምን ያስደነቀው ግን የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ሆነ። ስምንቱም ከጊዜ በኋላ ጉግልን ለቀዋል።

«ቴሌብር የኤምፔሳ ኮፒ ነው»

ይህኛው የእኛው ሰፈር ነው። ሁለቱም በሞባይል ገንዘብ ማስተላለፊያ ናቸው፤ ኤምፔሳ በ2007 ኬንያ ውስጥ፣ ቴሌብር በ2021 እዚህ ሥራ ጀመሩ፤ ስለዚህ ተከታይነቱ አይካድም። ግን ከኤምፔሳም በፊት በኡጋንዳ፣ በጋናና በቦትስዋና ተራው ሰው የሞባይል ካርድ ለዘመዱ እየላከ፣ ዘመዱም ካርዱን እየሸጠ፣ ገንዘብ ያስተላልፍ ነበር። ሐሳቡን ያመነጨው ሕዝቡ ነው።

«ጉዳቱ መቅዳታቸው ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዓይናችንን ከዋናው ነገር ያስነሳል። የተቀዳ ተፎካካሪ ቢያንስ መልሶ የመሥራት ዕድል አለው። የተገዛ ወይም በር የተዘጋበት ግን የለውም። ጉግል በ2021 ብቻ በስልኮችና በብራውዘሮች ላይ ቀድሞ የተዘጋጀ የፍለጋ ምርጫ ሆኖ ለመቀመጥ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ቁጥሩ የወጣው የአሜሪካ መንግሥት በመሠረተው ክስ ላይ ነው፤ በ2024ም ዳኛው ጉግል ሕግ ጥሶ ሞኖፖሊውን አስጠብቋል ብለው ወሰኑ። የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲያስብ በ2012 በጻፈው ኢሜይል፣ በእንዲህ ያለ ግዢ የሚገዛው በርግጥ ጊዜ ነው ብሎ ነበር። እርግጥ ነው፣ ሜታ (የዛሬው የፌስቡክ ኩባንያ ስም) በዚህና በዋትስአፕ ግዢ ላይ የቀረበበትን ክስ በ2025 አሸንፏል፤ ዳኛው ዛሬ ቲክቶክና ዩቲዩብ ይፎካከሩታል ብለዋል። የጻፈው ግን ተጽፏል።

የቫይን ነገር ደግሞ አለ። ቫይን የስድስት ሴኮንድ ቪዲዮ አፕ ነበር፤ ትዊተር በጥር 2013 አወጣው። አፑ የፌስቡክ ጓደኞችህን ፈልጎ ያገናኝህ ነበር። በወጣበት በዚያው ዕለት አንድ የፌስቡክ ኃላፊ ይህን መንገድ እንዝጋበት የሚል ሐሳብ ለዙከርበርግ አቀረበ። የብሪታኒያ ፓርላማ በ2018 ይፋ ባደረገው ሰነድ ላይ መልሱ «አዎ፣ ቀጥል» የሚል ነው። ቫይን በ2017 የተዘጋው በዚህ ብቻ አልነበረም፤ የራሱ ባለቤት የትዊተርም ጥፋት አለበት። ያን ዕለት ፌስቡክ ከቫይን የወሰደው አንድም ሐሳብ ግን የለም። ቪዲዮውን ኮፒ አላደረገም። ሰው ጓደኛውን እንዳያገኝ በሩን ዘጋ እንጂ።