የአሜሪካ ሴቶችና ሥራ፦ በደጉም በክፉውም ቀን

የአሜሪካ ሴቶች የሥራ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ወደ ላይ ብቻ እንደሚሄድ ደረጃ ነው። መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ የመምረጥ መብት፣ ቀጥሎ ፋብሪካ፣ ቀጥሎ ቢሮ። እውነታው ግን ገባ ወጣ ይበዛዋል። ገበያ ሲደራ ሴቷ ለሥራ ትጠራለች። ሲቀዘቅዝ «የወንዱን እንጀራ ነጠቅሽ» ትባላለች። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ እንደገና ትለመናለች። ይህ ነገር ጎልቶ የታየው ከ1920 እስከ 1945 ባሉት ዓመታት ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

ዘመኑ የተከፈተው በአንድ ደብዳቤ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኦገስት 1920 ሴቶችን መራጭ የሚያደርገው 19ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የቀረው የአንድ ግዛት ይሁንታ ብቻ ነበር። ነገሩ ቴነሲ ምክር ቤት ደረሰ። የ24 ዓመቱ እንደራሴ ሃሪ በርን ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበር የተቆጠረው። ኪሱ ውስጥ ግን የእናቱ ደብዳቤ አለ፤ ጥሩ ልጅ ሁንና ደግፍ ይላል። ደገፈ፤ ሕጉም አለፈ። በደቡብ የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ግን በምርጫ ግብርና በማንበብ ፈተና እየተመለሱ እስከ 1965 ድረስ ብዙዎቹ ካርዱን አላዩትም።

1920ዎቹ ለከተሜው አስረሽ ምቺው ነበሩ። ጸጉር ተቆረጠ፣ ቀሚስ አጠረ። በዘመኑ ፎቶዎች ላይ የምትታየው ያቺ ዘናጭ ሴት ግን ጥቂቷ ናት። የብዙዎቹን ሕይወት የቀየሩት ታይፕራይተርና ስልክ ናቸው። በ1930 ከቢሮ ጸሐፊዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ፤ ከሁሉም ሠራተኛ ደግሞ ከአምስት አንዷ ሴት ነበረች። ቤት ውስጥ መብራት ገባ። ካውያ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ፍሪጅ በየወሩ እየተከፈለ በዱቤ ይወሰድ ጀመር። ማስታወቂያው «እረፍት አገኘሽ» ይላል። ግን የቤት ሥራ ሰዓት ያን ያህል አልቀነሰም። ሸሚዝ በሳምንት አንዴ ይታጠብ የነበረው በየቀኑ እንዲቀየር ተጠበቀ፤ ቤት ሠራተኛ የነበራትም ማሽን ገዝታ ሠራተኛዋን አሰናበተች። ገጠር ደግሞ መብራቱ ራሱ ገና አልደረሰም።

ከዚያ ኦክቶበር 1929 መጣ፤ የአክሲዮን ገበያው ተናደ። በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነበር። ጥፋተኛ ሲፈለግ ጣት የተቀሰረው ባለትዳር ሠራተኛ ሴቶች ላይ ነው። በ1932 የወጣ የፌዴራል ሕግ ባልና ሚስት ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ፣ ቅነሳ ሲመጣ አንዳቸው ቀድመው እንዲወጡ አዘዘ። ሕጉ «ሚስት» አይልም። ግን ደመወዟ ያነሰው እሷ ናትና የምትወጣው እሷ ሆነች። እስከ 1937 በዚህ ተሠራ። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ያገባች መምህርት አይቀጥሩም፤ ስታገባ ያሰናብታሉ። በዚህ የተነሳ ትዳሯን ደብቃ ያስተማረች ጥቂት አይደለችም። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋለፕ በ1936 ሕዝቡን ሲጠይቅ 82 ከመቶው ባሏ ሥራ ያለው ሴት መሥራት የለባትም አለ።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ይህ ሁሉ ውርጅብኝ ወርዶ እንኳ በ1930ዎቹ የሠራተኛ ሴቶች ቁጥር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ከነሱም ውስጥ የባለትዳሮቹ ድርሻ አደገ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክፉኛ የተመታው የወንድ የሚባለው ሥራ ነው፦ ብረት፣ መኪና፣ ግንባታ። ማስተማር፣ ነርስነትና የቢሮ ጽሕፈት የዚያን ያህል አልተነኩም። ከብረት ፋብሪካ የተባረረ ሰውም ታይፕ ልምታ ብሎ አልመጣም። እንግዲህ ለሴቶች ትንሽ ደመወዝ የቆረጠላቸው ያው የሥራ ክፍፍል፣ በክፉ ቀን ከለላ ሆናቸው። እኔ የዚህን ታሪክ ቁልፍ የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ከለላው በየትኛውም መድረክ በንግግር የተገኘ መብት አልነበረም።

ጓዳው ውስጥም ሌላ ኢኮኖሚ ነበር። ልጅ መውለድ ቀነሰ፣ ሠርግ ተራዘመ፣ ፍቺ ራሱ ገንዘብ ስለሚፈልግ ለጊዜው ጋብ አለ። የጓሮ አትክልት በጠርሙስ ታሽጎ ለክረምት ይቀመጣል። የዱቄትና የከብት መኖ ከረጢት ይታጠብና ቀሚስ፣ የልጅ ሱሪ፣ ፎጣ ይሆናል። ፋብሪካዎቹ ይህን ሲያዩ ከረጢቱን በአበባ ጨርቅ ማምረት ጀመሩ፤ የድርጅቱን ስም ደግሞ በውኃ በሚለቅ ቀለም ያትሙታል። ባል መኖ ሊገዛ ሲሄድ ቀሚሱ እንዳይጎድል ካለፈው ጋር የሚመሳሰል አበባ መርጦ እንዲመጣ ይላካል።

በ1933 ፍራንሲስ ፐርኪንስ የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነች፤ በአሜሪካ ካቢኔ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ የትራያንግል ልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል ቆማ አይታለች። 146 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ናቸው፤ አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። የ1935ቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግና በሰዓት 25 ሳንቲም ወለል ያስቀመጠው የ1938ቱ ሕግ የእሷ እጅ አለባቸው። ሁለቱም ግን የቤት ሠራተኞችንና የእርሻ ሠራተኞችን ትተዋል። አብዛኞቹ ጥቁር ሠራተኛ ሴቶች የነበሩት በእነዚሁ ሥራዎች ላይ ነው። ሕጉ ለነሱ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ጸሐፊዎቹ ኤላ ቤከርና ማርቬል ኩክ በ1935 እንደዘገቡት፣ በኒው ዮርኩ ብሮንክስ ሠፈር ውስጥ ጥቁር ሴቶች ጠዋት መንገድ ጥግ ይቆማሉ። የቤት እመቤቶች መጥተው በሰዓት ስንት እንደሆነ ይከራከሯቸዋል፤ ርካሽ ያለችውን ይወስዳሉ። ጸሐፊዎቹ ቦታውን የባሪያ ገበያ ብለውታል።

የመንግሥት የሥራ ፕሮግራሞችም አድልዎ አላጡም። የወንዶቹ የደን ካምፕ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ወጣት ሲያስተናግድ የሴቶቹ ካምፖች በጠቅላላው 8,500 ያህል ብቻ ተቀበሉ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርኩኝ የኬንታኪ ተራሮች የፈረስ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ናቸው። ከ1935 እስከ 1943 ሴቶች በፈረስና በበቅሎ መጽሐፍ ጭነው መንገድ ወደሌለበት ሠፈር ይወጡ ነበር፤ አንዳንዴ መንገዱ የወንዝ አልጋ ነው። ደመወዙ በወር 28 ዶላር። ከብቱን መንግሥት አይሰጥም፤ የራሷን ታመጣለች ወይ ትከራያለች። መጽሐፍ ሲያንስ ከመጽሔት የምግብ አሠራርና የአልጋ ልብስ ንድፍ ቆርጠው፣ ደብተር ላይ ለጥፈው ከቤት ቤት ያዞሩ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲገባ ትላንት «ቤትሽ ግቢ» ያለው አገር ሴቶችን ወደ ሥራ የሚጠራ ፖስተር ለጠፈ። የሠራተኛ ሴቶች ቁጥር ወደ 19 ሚሊዮን ተጠጋ። በያጅ፣ የአውሮፕላን ገጣጣሚ፣ የክሬን ነጂ ሆኑ። ባለትዳሮቹም ያላገቡትን በቁጥር በለጧቸው። ልጁስ የት ይዋል? መንግሥት ወደ 3,000 የሚሆኑ የሕፃናት ማቆያዎችን በገንዘብ ደገፈ። ፖርትላንድ በሚገኘው የካይዘር መርከብ ፋብሪካ ማቆያው የተሠራው ከሥራ ቦታው በር ላይ ነው። ለሌሊት ፈረቃም ክፍት ነው። እናት ልጇን ልትወስድ ስትመጣ የበሰለ እራትም ገዝታ ትሄዳለች። እንዲህ ያለ አገልግሎት ዛሬም ቢሆን ብርቅ ነው። ለማቆያዎቹ ይሰጥ የነበረው የመንግሥት ድጋፍ በ1946 ቆመ።

ከጦርነቱ በኋላ ሴቶቹ ከፋብሪካ በቅድሚያ ተቀነሱ። የሠራተኛ ሚኒስቴር የሴቶች ቢሮ ሲጠይቃቸው ከአራቱ ሦስቱ መቀጠል እንደሚፈልጉ ተናግረው ነበር። ብዙዎቹ ሥራ አላቆሙም፤ ከብየዳ ወደ ሱቅ ሽያጭና ወደ ጽሕፈት ወርደው በትንሽ ክፍያ ቀጠሉ። የእኩል ክፍያ ሕግ በ1963 ወጣ፤ ባንክ በጾታና በትዳር ምክንያት ብድር እንዳይከለክል የታገደው በ1974 ነው።

በ2008 ቀውስ ከግንባታና ከፋብሪካ ሥራ ያጡት በብዛት ወንዶች ነበሩ፤ የ1930ዎቹ ነገር ተደገመ። 2020 ግን ገለበጠው። ኮቪድ የዘጋው ሆቴሉን፣ ምግብ ቤቱን፣ የሕፃናት ማቆያውን ነው፤ ከለላ የነበረው ሥራ ራሱ ተመታ።

ከ1938ቱ ሕግ ውጭ የቀሩት የቤት ሠራተኞችስ? አብዛኞቹ በ1974 ተካተቱ። አረጋውያንን በየቤቱ የሚንከባከቡት ግን ያኔም ተዘለሉ። ዋሽንግተንና አካባቢው ሆም ኬር የሚሠሩ ብዙ ሐበሻ እናቶች ያሉበት ሥራ ነው። በኤጀንሲ የሚቀጠሩት የፌዴራሉን የደመወዝ ወለልና የኦቨርታይም ክፍያ ያገኙት በ2015 ነው።