የሥራ ፍሰት አውቶሜሽን ምንድን ነው? ሼርፖይንት ላይስ በምን ይሠራል?

አንድ ሠራተኛ የግዥ ጥያቄ ሞልቷል። አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው። ፋይናንስ ደግሞ "መጀመሪያ አለቃህ ይፈርሙበት" ይላል። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሳምንት ያልፋል። ይህን ምልልስ ለሶፍትዌር መስጠት ነው የሥራ ፍሰት አውቶሜሽን የሚባለው። ሠራተኛው ሼርፖይንት (ድርጅቶች ፋይልና መረጃ የሚጋሩበት የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር) ላይ ፎርሙን ይሞላል፤ ጥያቄው ወዲያው አለቃው ኢሜይል ወይም ቲምስ (የማይክሮሶፍት የመልእክትና የስብሰባ መተግበሪያ) ላይ ይገባል። ሲያጸድቁት ወደ ፋይናንስ ያልፋል። ማን መቼ እንዳጸደቀም ተመዝግቦ ይቀራል።

ድሮ ይህ የሚሠራው ሼርፖይንት ዲዛይነር በሚባል የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነበር። አሁን በእሱ አዲስ ነገር መጀመር አያዋጣም። ማይክሮሶፍት በዲዛይነር የሚሠሩትን የ2010 ሥሪት ፍሰቶች ከክላውዱ (በኢንተርኔት ከሚሠራው) ሼርፖይንት እ.ኤ.አ. በ2020 አስወጥቷል። ለ2013 ሥሪትም የመጨረሻውን ቀን ኤፕሪል 2 ቀን 2026 ብሎ ቆርጧል።

ስለዚህ ብዙ ጊዜ ምርጫው ፓወር አውቶሜት ወይስ ኒንቴክስ የሚለው ነው። ፓወር አውቶሜት የማይክሮሶፍት የራሱ ነው፤ እስከ 2019 ማይክሮሶፍት ፍሎው ይባል ነበር። ከብዙዎቹ የማይክሮሶፍት 365 የቢዝነስ ላይሰንሶች ጋር አብሮ ይመጣል። ሼርፖይንትን፣ አውትሉክንና ቲምስን ለማገናኘት ተጨማሪ ክፍያ የለውም። መረጃችሁ ኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ) ላይ ከሆነ ግን ኮኔክተሩ፣ ማለትም ማገናኛው፣ ፕሪሚየም ነው፤ ሌላ ላይሰንስ ይጠይቃል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይህን አጣሩ።

ከዋጋውም በላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ፓወር አውቶሜት ላይ አንድ የተጀመረ ፍሰት ከ30 ቀን በላይ አይቆይም። አለቃው ረጅም ፈቃድ ላይ ካሉና ጥያቄው ሳይነካ ከከረመ ፍሰቱ መሃል ላይ ይቋረጣል። ስለዚህ ገና ሲሠራ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማስታወሻ እንዲልክ፣ መልስ ከጠፋም ወደ ተወካይ እንዲያልፍ አድርጉት። ባለቤትነቱም ያሳስባል። ፍሰቱን በግል አካውንቱ የሠራው ባለሙያ ሥራ ሲለቅና አካውንቱ ሲዘጋ ግንኙነቶቹ ይበጠሳሉ። ሁለተኛ ባለቤት ይጨመርበት፤ ግንኙነቶቹም በድርጅቱ አካውንት ይሁኑ።

ኒንቴክስ የሌላ ኩባንያ ምርት ነው፤ ላይሰንሱም ለብቻው ይገዛል። ሼርፖይንትን በራሳቸው ሰርቨር የሚያስኬዱ ድርጅቶች ለዓመታት ሲገለገሉበት ቆይተዋል፤ ውስብስብ ፎርም ላላቸው ዛሬም ጥሩ ነው። ለማይክሮሶፍት 365 ቀድሞውኑ ለሚከፍል መካከለኛ ቢሮ ግን እኔ ፓወር አውቶሜትን እመርጣለሁ። መጀመሪያ የሠራተኞችን የእረፍት ፈቃድ ጥያቄ ብቻ ሠርታችሁ ሞክሩት፤ ግዥው ቀጥሎ ይደርሳል።