የአንድ ቀን ጫጩት መረጣ በወሎ

የአንድ ቀን ጫጩት የሚባለው ከመፈልፈያ ማሽን ወጥታ እህል ውሃ ሳትቀምስ በካርቶን ታሽጋ ለገዢ የምትደርሰው ጫጩት ናት። ክብደቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ግራም ይሆናል። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በመርሳም ሆነ በወልድያ የዶሮ እርባታ የሚጀምር ሰው ወይ እሷን ገዝቶ ራሱ ያሳድጋል፣ ወይ ሌላ ሰው አሳድጎ ዋና ዋና ክትባቷን ያስጨረሳትን፣ በተለምዶ «የ45 ቀን» የምትባለውን ይገዛል። የ45 ቀኗ ውድ ናት። የአንድ ቀኗ ርካሽ ናት፤ መምረጥ ለማያውቅ ግን ከሁሉም ውድ የምትሆንበት እሷ ናት።

በገጠሩ ጫጩት መምረጥ የሚባል ሥራ አልነበረም። የሚመረጠው እንቁላሉና ታቃፊዋ ነው። ባለቤቲቱ እንቁላሉን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ትነቀንቀዋለች፣ ከተንቦጫረቀ ትተወዋለች። ውሃ ውስጥ ከትታ የሚንሳፈፈውንም ታወጣለች። ዶሮዋ ጭድ ላይ ታቅፋ በ21 ቀን ገደማ ስትፈለፍል፣ ቀሪው ማበጠር የራሷ የዶሮዋ ነው፤ የጠነከሩት ተከትለዋት ሲወጡ ዘግይቶ የተፈለፈለውና እግሩ ያልጠናው እዚያው ይቀራል። ማሽን ግን እናት የለውም። ደካማውም ብርቱውም በአንድ ካርቶን ይታሸጋል፣ ዶሮዋ ትሠራው የነበረውንም ገዢው ይረከባል።

ኮምቦልቻ ውስጥ የዶሮ ብዜት ማዕከል አለ። ከዚያ የሚወስድ ሰው ጫጩቱን ወደ ደሴ ለማድረስ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ዳገት ብቻ ነው የሚጠብቀው። ከቢሾፍቱ አካባቢ የሚመጣው ግን ሌላ ታሪክ ነው። አዲስ አበባን አልፎ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጣርማ በርን ብርድ ይቀምሳል፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ሙቀት ይወርዳል፣ በመጨረሻም 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደሴ ይወጣል። በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ብርድ፣ አንድ ጊዜ ሙቀት።

ጫጩቷ ይህን የምትችለው ከመፈልፈሏ በፊት የእንቁላሉን ቀሪ አስኳል ወደ ሆዷ ስለምትስበው ነው። ይህ ስንቅ ያለ መኖና ያለ ውሃ እስከ 72 ሰዓት ሊያቆያት ይችላል። አንዳንድ ነጋዴ ይህችን ቁጥር እንደ ዋስትና ይጠራታል። 72 ሰዓት ያልሞላት ጫጩት አትሞት ይሆናል እንጂ አልተጎዳችም ማለት አይደለም። ቆጠራውም ካርቶኑ ከተጫነበት ሳይሆን እሷ ከተፈለፈለችበት ሰዓት ይጀምራል፤ ማሽኑ ውስጥ ቀድማ የወጣች ጫጩት የዘገዩትን ስትጠብቅ ብዙ ሰዓት ታሳልፋለችና።

ካርቶኑ ደሴ ላይ ሲከፈት የተኙትን አይቶ ለተከፋው ገዢ ሻጩ «አብሽር፣ መንገድ ደክሟቸው ነው» ይለዋል። ግማሹ እውነት ነው። የመረጣው ጥበብም እዚህ ላይ ነው፤ መንገድ ያመጣውን ማሽን ካመጣው መለየት። የመንገዱ ጉዳት በሙቀትና በውሃ ሊመለስ ይችላል፣ የማሽኑ ግን አይመለስም።

መጀመሪያ ሳይነኩ ማየትና መስማት ነው። አንድ ላይ ተከማችተው ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ክንፋቸውን ከዘረጉ ሞቋቸዋል። ደህናዎቹ በየቦታው ተበታትነው በለሆሳስ ይንጫጫሉ፤ ሳያቋርጡ በከፍተኛ ድምፅ የሚጮኹ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏቸዋል። ቀጥሎ ከካርቶኑ ከአራቱም ማዕዘንና ከመሀል የተወሰኑትን አንሥቶ እግራቸውን ጉንጭ ላይ ማስነካት ነው። እግሯ ቀዝቃዛ የሆነች ጫጩት በርዷታል። የእግሯ ቆዳ የሚያብረቀርቅ ሳይሆን የተጨማደደ ከሆነ ደግሞ ውሃ አጥታለች። እስከዚህ ድረስ ያለው የመንገድ ነው።

አሁን ጫጩቷን መገልበጥ ነው። እምብርቷ የተዘጋና የደረቀ፣ በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ መሆን አለበት። ጥቁር ቁልፍ የመሰለ እብጠት፣ የተንጠለጠለ ክር፣ እርጥበት ወይም ሽታ ካለው በማሽኑ ሙቀትና እርጥበት ላይ ችግር ነበረ ማለት ነው። ባልተዘጋ እምብርት ተሕዋስያን ገብተው ስንቅ የነበረውን አስኳል ያበላሹታል፤ ሆዷ ይነፋል፣ በመጀመሪያው ሳምንትም ትሞታለች። ይህችን ጫጩት መድኃኒት ገዝቶ ለማዳን መታገል፣ በእኔ አስተያየት፣ በሞተ ላይ ገንዘብ መጨመር ነው። የእግሯ መታጠፊያ መቅላትም ከእንቁላሉ ለመውጣት ብዙ እንደታገለች ይናገራል። የተጣመመ መንቁር፣ የተንጋደደ ጣት፣ ያልተከፈተ ዓይን ያላትን ግን ሳይከራከሩ መመለስ ነው።

ፊንጢጣዋ ላይ ኩስ መድረቁ አሻሚ ነው። አንድ ሁለቱ ላይ ከሆነ ብርድ ሊሆን ይችላል፣ በለብ ያለ ውሃ ይጠረጋል። ብዙዎቹ ላይ ነጭ ሆኖ ከተጣበቀና መሞት ከጀመሩ ግን ከእናቲቱ በእንቁላል በኩል የሚተላለፈው የሳልሞኔላ በሽታ ስለሚጠረጠር የእንስሳት ሐኪም መጠራት አለበት። የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው፤ በጀርባዋ አስተኝቶ መልቀቅ። ብርቱዋ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ተገልብጣ ትቆማለች።

ትልቅ ጫጩት ሁሉ ጥሩ ነው የሚለው የገበያ ግምት ስህተት ነው። ጫጩት ክብደቷ የእንቁላሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሆነ፣ ገና መጣል የጀመሩ እናቶች ትንሽ ጫጩት ይሰጣሉ፤ ትንሽነቷ በሽታ አይደለም። ጉዳት የሚያመጣው ትልቅና ትንሹን መደባለቅ ነው፤ ትንሿ ከመኖ ገበታው ትገፋለች።

ዝርያና ጾታን በተመለከተ ቀለም ብዙ ይናገራል። ለእንቁላል የሚገዛው ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎህማን ብራውን ሲሆን ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ካርቶኑ በቢጫ ከተሞላ ገዢው አውራ ዶሮ እየገዛ ነው። የኩኩክ (Koekoek) ዝርያ ወንድ ጫጩት ጭንቅላቱ ላይ ነጭ ነጥብ አለው። ለሥጋ የሚረቡ ፈጣን ዝርያዎች ደግሞ ደጋ ላይ አይመቻቸውም፤ አየሩ ስለሚሳሳ ልባቸው ይጨነቅና ሆዳቸው ውሃ ይቋጥራል። በዚህ ረገድ ኮምቦልቻና ከሚሴ ከደሴ ይሻላሉ።

ክትባትን በቃል ማመን አይገባም። የማሬክስ (ዶሮን የሚያሽመደምድ የቫይረስ በሽታ) ክትባት በመፈልፈያው በመጀመሪያው ቀን ካልተሰጠ በኋላ ብዙም ስለማይጠቅም ወረቀቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። የፈንግልና የጉምቦሮ (የጫጩትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም የቫይረስ በሽታ) ክትባት ቀጥለው የሚሰጡ ናቸው።

መረጣው ገንዘብ ሲከፈል አያበቃም። ጫጩቶቹ ከመድረሳቸው በፊት ሰጋቱራ ተነጥፎ ቤቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ድረስ መሞቅ አለበት፤ ደሴ ላይ በሐምሌ ይህ ቀላል አይደለም። መብራት ሲጠፋ በከሰል ማሞቅ የተለመደ ነው፣ የከሰሉ መርዛማ ጋዝ መውጫ ካላገኘ ግን ጫጩቱንም ሰውየውንም ይገድላል። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ መኖ ይቀርባል። በማግስቱ ጠዋት አሳዳጊው ጫጩቶቹን በእጁ እያነሣ አንገታቸው ሥር ያለውን የመኖ ከረጢት በሁለት ጣቱ ይዳስሳል። ከ100ው 95ቱ ሞልቶ ለስለስ ያለ ከሆነ ሻጩ እውነቱን ነበር፣ የደከማቸው መንገድ ነው። ባዶ የሆነባቸውን ለብቻ ለይቶ መንቁራቸውን ውሃ ውስጥ ነከር ያደርግላቸዋል፤ እስከ ማታ ያልጠጡትን ደግሞ በደብተሩ ይመዘግባል፣ ለሚቀጥለው ግዢ ሻጭ የሚመርጠው በዚያ ቁጥር ነውና።