ድራይቨር ምንድን ነው? ከአፕግሬድ በኋላስ ኃላፊነቱ የማን ነው?

ዊንዶውስን አፕግሬድ ስታደርጉ ሁሉም በሰላም ያልፍና ዋይፋዩ ይጠፋል። ወይም ፕሪንተሩ አልታዘዝም ይላል። ሰው ወዲያው "ዕቃው ተቃጠለ" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ምንም አልሆነም፤ ችግሩ ድራይቨሩ ላይ ነው።

ድራይቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ (ለምሳሌ ዊንዶውስ) እና ዕቃው የሚግባቡበት ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ የእያንዳንዱን ፕሪንተር ጠባይ አያውቅም። "አትም" ሲባል ትእዛዙን ለድራይቨሩ ያቀብላል፣ ድራይቨሩ ደግሞ ያ ሞዴል በሚገባው መንገድ ያዝዘዋል።

ድራይቨሩን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ዕቃውን የሠራው ኩባንያ ነው። ላፕቶፕ ላይ ሌላም ሰው መሀል ይገባል። ሌኖቮ ወይም ኤችፒ ከኢንቴልና ከሪልቴክ ቺፕ ገዝቶ ይገጥማል፣ ድራይቨሩንም ለሞዴሉ አስተካክሎ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። የማይክሮሶፍት ድርሻ ድራይቨር የሚጻፍበትን ደንብ ማውጣት ነው።

ጣጣው የሚመጣው ደንቡ ሲቀየር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ቪስታ የተባለው ዊንዶውስ ለገበያ ሲቀርብ የግራፊክስና የድምፅ ድራይቨሮች አሠራር ተለወጠ። ባለ 64 ቢቱ ቪስታ ደግሞ ዲጂታል ፊርማ (ሠሪውን የሚያረጋግጥ ምልክት) የሌለውን፣ ከርነል በሚባለው የሲስተሙ እምብርት ውስጥ የሚሠራ ድራይቨር አልቀበልም አለ። ከቪስታ በፊት በነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ደህና ይሠሩ የነበሩ ብዙ ፕሪንተሮችና ስካነሮች ቀጥ አሉ። አንዳንድ አምራቾች ከዓመታት በፊት ለሸጡት ሞዴል አዲስ ድራይቨር መጻፍ አላዋጣቸውም፤ ተዉት። ገንዘቡን የከፈለው ሰው መሀል ላይ ቀረ።

ሊኑክስ በሚባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ነገሩ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከርነሉ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ የውስጡን አሠራር የቀየረ ሰው በለውጡ የሚነኩትን ድራይቨሮች አብሮ የማስተካከል ግዴታ አለበት። ለእኔ ትክክለኛው ይሄ ነው፤ የቀየረ ያስተካክል። ማይክሮሶፍትም ችግር ያለበት ድራይቨር መኖሩን ሲያውቅ ለእነዚያ ኮምፒውተሮች አፕዴቱን ይዞ ያቆየዋል። ጥሩ ነው፣ ግን የሚያግዘው ችግሩ አስቀድሞ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከአፕግሬድ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ፤ በተለይ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛችሁ። ለአዲሱ ዊንዶውስ የወጣ ድራይቨር ከሌለ አምራቹ ቃል አልገባላችሁም ማለት ነው። የዋይፋዩን ድራይቨር ቀድማችሁ ፍላሽ ላይ ጫኑ፤ ኢንተርኔት ከሌለ ሌላውንም ማውረድ አይቻልም።

ከተበላሸ በኋላ ደግሞ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበት ዕቃ ላይ "ኮድ 28" ካያችሁ ድራይቨሩ ጭራሽ አልተጫነም። ስሙ የማይታወቅ ዕቃ ከሆነ የሃርድዌር መለያውን (ዕቃውን የሚለየውን ኮድ) እዩት፤ በውስጡ ያለው የሠሪው ቁጥር 8086 ከሆነ ቺፑ የኢንቴል ነው፣ ድራይቨሩንም እዚያ ፈልጉ። ምንም ካልተገኘ ወደ ድሮው ዊንዶውስ መመለስ ይቻላል። ቀነ ገደቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ነው።